ሎጎ ሐይቅና የዋናተኛው ፊዚክስ

በባሕር ዳር ከተሞች የሚያድጉ ወጣቶች በክፍት ውኃ መዋኘትን ከልጅነታቸው ይለምዳሉ። በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክም የ10 ኪሎ ሜትር የክፍት ውኃ ዋና ከውድድሮቹ አንዱ ሆኗል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ለሌላት አገራችን ግን ክፍት ውኃ ማለት በአብዛኛው ሐይቅ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪ ከቅርቦቹ አንዱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ነው። ለመሆኑ በባሕር ላይ ዋናተኛን የሚያንሳፍፈው ኃይል በሎጎም ያንኑ ያህል ነውን? መልሱ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በሥሌት እንመልከተው።

የአርኪሜደስ ሕግ

ውኃ ውስጥ የገባ አካል፣ ቦታውን ከለቀቀለት ውኃ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዋናተኛ እንውሰድ። የሰውነቱ ይዘት ሳንባው በአየር ሲሞላ 61 ሊትር፣ አየሩን ሲያስወጣ ደግሞ 58.5 ሊትር ይሁን። አንድ ሊትር የሐይቅ ውኃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የባሕር ውኃ ግን ጨው ስላለበት 1.025 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ሳንባው ሲሞላ ዋናተኛው በሁለቱም ይንሳፈፋል። ሆኖም ትርፉ በባሕር 2.5 ኪሎ ግራም ሲሆን በሐይቅ 1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አየሩን ሲያስወጣ በባሕር ባለበት ይቆያል፤ በሐይቅ ግን 1.5 ኪሎ ግራም ይጎድለውና ይሰምጣል።

ከዚህ አንድ አስደንጋጭ ውጤት እናገኛለን። የደነገጠ ሰው ይጮኻል፣ ሁለት እጁንም ያነሣል። መጮኽ አየር ማስወጣት ነው። አንድ ክንድ ደግሞ የሰውነትን ክብደት 5 በመቶ ያህል ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ከውኃ ሲወጡ 6 ኪሎ ግራም ያህል አካል ድጋፉን ያጣል። ትርፉ 1 ኪሎ ግራም ስለነበር በክንዶቹ ምትክ ወደ ውኃው የሚገባው አፍና አፍንጫው ነው።

ከፍታና የቦይል ሕግ

ሎጎ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ዋናተኛው ቶሎ ይደክማል።

ጠልቆ ለሚዋኝ ሌላም ልዩነት አለ። 10 ሜትር ውኃ አንድ የባሕር ወለል የአየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር፣ 2 ሜትር ውኃ 0.2 ይጨምራል። በሎጎ ግፊቱ ከ0.8 ወደ 1.0 ሲያድግ በሳንባ ያለው 5 ሊትር አየር ወደ 4 ሊትር ይጨመቃል። የ61 ሊትሩ ሰውነት 60 ሊትር ይሆናል፤ ትርፉ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በታች ሰውነቱ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። በባሕር ግን በዚያው ጥልቀት ገና ወደ ላይ ይገፋል።

ብርሃንና ሙቀት

ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር 2 ሜትር ጥልቀት ከላይ ለሚያይ 1.5 ሜትር መስሎ ይታያል። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ስለሚያስተላልፍም ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ጡንቻም ይዝላል።

ማጠቃለያ

የደከመ ዋናተኛ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሳንባውን ሞልቶ፣ እጆቹን ከውኃው ሳያወጣ ፊቱን ብቻ ወደ ላይ ያድርግ። በዳር ያለ ሰው ደግሞ ዘሎ ከመግባት ይልቅ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ ይወርውርለት፤ ባለ 20 ሊትሩ 19 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ብቻውን የሚዋኝ ሰው ግን ይህን የሚወረውርለት የለውም።

መልመጃ፦ 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ሳንባዋ ሲሞላ ይዘቷ 51 ሊትር የሆነ ተማሪ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ብትይዝ፣ በሐይቅ ውኃ ላይ ትርፏ ስንት ኪሎ ግራም ይሆናል? የጀሪካኑን ክብደት ትተን፣ የጭንቅላቷን 4 ኪሎ ግራም ብንል፣ ከውኃ በላይ ልታቆየው ትችላለችን?