ፍንጭት ከመዘጋቱ በፊት

ጥርስ ሐኪም በበዛበት የዱባዩ አል ሙራቃባት ሠፈር ለምትኖሩ እኅቶችና ወንድሞች፤

በአገራችን የውበት ምልክት የሆነው ፍንጭት በሽታ ነውን? አብሮ ያደገ ከሆነ አይደለም። በጎልማሳነት የተከፈተ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ድዱ ይታከም።

መዝጊያው ዘዴ በሦስት ይከፈላል፦

1ኛ/ ሙሌት፦ ብዙውን ጊዜ ጥርስ ሳይሞረድ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ከዓመታት በኋላ ግን ሊሸረፍና ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል።

2ኛ/ ቬኒር የሚባለው ስስ የፖርሴሊን ሽፋን፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ይሞረድለታል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይተካም።

3ኛ/ ሽቦ፦ ጥርሱን ራሱን ያንቀሳቅሳል። ወራት ይፈጃል፤ ሲፈታ መያዣ ካልተደረገ ክፍተቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ፤ «ጥርሴ ይሞረዳል ወይ?» ብላችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ።