መስታወቱ ሌባን እንጂ ድምፅን አይከልክል
ደንበኛው «ሠላሳ ሺህ» ሲል ገንዘብ ከፋዩ «ስልሳ ሺህ» ብሎ ከሰማ፣ ለጥበቃ የተተከለው መስታወት ራሱ የኪሣራ ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ወፍራም መስታወት እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይበልጥ ያፍናል፤ ንግግር ጥራት የሚያገኘው ደግሞ በእነርሱ ነው።

ከሥር ያለው የገንዘብ ማሳለፊያ ቀዳዳ መፍትሔ አይሆንም፤ ደንበኛው አጎንብሶ ስለሚጮህ ሒሳቡን ተሰላፊው ሁሉ ይሰማዋል። አዋጪው ዘዴ በአፍ ትይዩ፣ ጥይት የማይበሳቸውን ሁለት መስታወቶች አደራርቦ በመካከላቸው ክፍተት መተው ነው፤ ድምፅ ዞሮ ያልፋል፣ በቀጥታ የሚመጣ ጥይት ግን ይታገዳል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ከሆነ በሁለቱም ወገን ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል።

ባለቤቱም የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ቁጥሮች አስነብቦ ይፈትነው።