በሬ የሚገድለው ቡቃያ ትሉን ለምን አይገድለውም?

በሲሪንቃ፥ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ማሽላ የምትዘሩ ሁሉ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። አንደኛው፥ ለጋ የማሽላ ቡቃያ፥ ይልቁንም ዝናብ ተቋርጦ ሲጠወልግ፥ የበላውን ከብት ፈጥኖ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው፥ የአገዳ ቆርቁር ትል ያንኑ ቡቃያ ከእምብርቱ ጀምሮ እየበላ ይወፍራል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ከብቱንም ማሳውንም ይጠብቃል።

መርዙ ከየት ይመጣል?

ማሽላ ከጠላት የሚሸሽበት እግር ስለሌለው ራሱን በመርዝ ይከላከላል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ዱሪንን የሚፈታው ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል። ቅጠሉ ሲታኘክ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ ሳያናይድ የተባለው ብርቱ መርዝ ይወጣል። ይህም መርዝ ሰውነት በደም የመጣለትን አየር እንዳይጠቀምበት ያግደዋል።

ትሉ እንዴት ይችለዋል?

ቅጠል በል ትሎች መርዝን የሚቋቋሙበት ዘዴ ብዙ ነው።

1. አንዳንዶቹ ቅጠሉን ሳያደቁ በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጡ ይውጡታል። ስለዚህ ዱሪኑና ኢንዛይሙ በሚገባ አይደባለቁም።

2. የብዙዎቹ አንጀት የአመድ ውሃ ጠባይ አለው። በዚያ ውስጥ የተክሉ ኢንዛይም ኃይሉ ይደክማል።

3. የእሳት እራትና የቢራቢሮ ትሎች ሳያናይድን ድኝ ካለበት የሰውነታቸው ንጥረ ነገር ጋር አገናኝቶ የሚያበርድ የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው።

በሬም በጉበቱ ውስጥ ሳያናይድን በድኝ የሚያከሽፍ ኢንዛይም አለው። ነገር ግን የራበው በሬ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል፤ መርዙም በጨጓራው ውስጥ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጉበቱ ሳይደርስለት ይወድቃል። እንግዲህ ልዩነቱ በመጠንና በፍጥነት ነው።

ስለ ርጭት አስተውሉ

ትል የተክልን መርዝ የሚያከሽፍበት መሣሪያ የእኛንም መድኃኒት ሊያከሽፍ ይችላል። በጥጥና በሽምብራ ላይ የሚወርደው ጓይ ትል ለዚህ ምስክር ነው፤ የተክልን መርዝ ከሚፈቱት ኢንዛይሞቹ አንዳንዶቹ ፀረ ተባይንም ይፈታሉ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ የሚረጭ ሰው ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ለዘር ያስቀራል። ደግሞም ቆርቁሩ አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ርጭቱ አያገኘውም።

ምን እናድርግ?

1. ጉልበት ያልደረሰ፥ በድርቅ የጠወለገ ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ ላይ ከብት አታሰማሩ።

2. በሽልሸላና በኩትኳቶ ጊዜ የተነቀለውን ቡቃያ እርጥቡን ወይም ጠውልጎ ሳለ አትስጡ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

3. ከብቱ አየር አጥሮት ቢያለከልክ፥ ቢንቀጠቀጥና ቢወድቅ፥ ሌሎቹን ከማሳው አውጡና የእንስሳት ሐኪም በቶሎ ጥሩ። ሐኪሙ የሚሰጠው አንዱ መድኃኒት ድኝ ያለበት ነው፤ ለጉበቱ ስንቅ ይሆነዋል።

4. አዝመራው እንደተሰበሰበ አገዳውን ወዲያው አትከምሩ። ትሉ በአገዳው ውስጥ ተኝቶ በጋውን አሳልፎ ዝናብ ሲመጣ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። አገዳው 4 ሳምንት ያህል በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከሰነበተ በውስጡ ያለው ትል አብዛኛው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለመኖ፥ ለማገዶና ለአጥር ከምሩት።

5. መርጨት ግድ ከሆነ፥ ትሉ ገና በእምብርቱ ቅጠል ላይ ሳለ፥ የልማት ሠራተኛውን ምክር ጠይቃችሁ ይሁን፤ መድኃኒቱንም ዓይነቱን እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

የልማት ሠራተኞች እነዚህን ጥያቄዎች በማሳ ዳር ለገበሬዎች ያቅርቡ።

ሀ. የጠወለገ ቡቃያና የደረቀ ቡቃያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ለ. ዘንድሮ ያልተዘረጋ አገዳ ለከርሞ ምን ያመጣል?

ሐ. ጎረቤት አገዳውን ሳይዘረጋ ቢቀር የእኛ ድካም ምን ይሆናል? የእሳት እራት ድንበር አያውቅምና፥ ይህ ሥራ በደቦ ቢሠራ ይበጃል።