በጽሕፈት መኪና የተማሩት አለቃዬና ኮምፒዩተሩ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን በተዘጋ ጊዜ በኩታበር ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ወር ያህል በረዳትነት ሠርቼ ነበር። የተወሰድሁበትም ምክንያት ሌላ ሙያ ኖሮኝ ሳይሆን በኮምፒዩተር መጻፍ ይችላል ተብሎ ስለ ተነገረልኝ ነው። በዚያ ያየሁትን ለጓደኞቼ ባካፍል እንደሚጠቅም መምህሬ ስለ መከሩኝ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በየቤታችን አባት ወይም አጎት፥ በየመሥሪያ ቤቱም አለቃ የሆነ ሰው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ባስቸገረው ጊዜ ልጅ መጥራቱ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቼ ያውቁታል።

አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ደሴ ሄደው የጽሕፈት መኪና ተምረዋል፤ ቁልፉን ሳያዩ በዐሥሩ ጣቶቻቸው ይመቱ እንደ ነበር በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ ሳይቀሩ ይመሰክሩላቸዋል። አሮጌው መኪና ዛሬም በቢሮው ጥግ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦአል። ከኮምፒዩተሩ ጋር ግን አልተስማሙም። በቀን ዐሥር ጊዜ ያህል «አንተ ልጅ፥ እስቲ ና፤ ይህ ነገር ደግሞ እምቢ አለኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም «ጋሼ፥ አንድ ጊዜ ይልቀቁልኝ» ብዬ ማውሱን ከእጃቸው እወስድና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጌ «አለቀ» ብዬ እመለሳለሁ። በዚያን ጊዜ ይህን ፍጥነቴን እንደ ትልቅ ሙያ እቈጥረው ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በሐምሌ አጋማሽ ነው። የዘር ስንዴ የሚሰጣቸው ገበሬዎች ስም ዝርዝር በማግሥቱ ማለዳ ወደ ደሴ በሚሄድ መኪና መላክ ነበረበት፤ ዝርዝሩ ከዘገየ ዘሩም ይዘገያል፤ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። አለቃዬ ከየቀበሌው የመጡትን የእጅ ጽሑፎች ከፊታቸው ዘርግተው ከጧት ጀምረው ሲጽፉ ዋሉ። ስሙ ከሁለት መቶ በላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ፥ መብራቱም ጠፋ። ስመለስ አለቃዬ በጨለመው ስክሪን ፊት እጃቸውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የጻፍሁት የት ሄደ?» አሉኝ።

መብራቱ እስኪመጣ መልስ አልነበረኝም። በመጣም ጊዜ ስንከፍተው ያገኘነው ባለፈው ቀን የተጻፉትን አርባ ያህል ስሞች ብቻ ነው። አንዳንድ የመጻፊያ ፕሮግራም በየ10 ደቂቃው ራሱ መጠባበቂያ እንደሚያስቀምጥ ዐውቃለሁ፤ በእኛ ኮምፒዩተር ግን ያ ተዘግቶ ነበር፤ ማን እንደ ዘጋው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ሌላ ቀን እኮ መብራት ጠፍቶ ሥራዬ አልጠፋም ነበር» ሲሉኝ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ገባኝ። ሌላ ቀን ያልጠፋው እኔ በአጠገባቸው ባለፍሁ ቍጥር ጐንበስ ብዬ የኮንትሮልንና የኤስን ቁልፍ በአንድነት ነክቼ ሴቭ ስለማደርግላቸው ነው። ምን እንዳደረግሁ ግን አንድ ቀንም ነግሬአቸው አላውቅም። እርሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቁም። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ጥቂት አሰቡና «በእኛ ጊዜ መኪናው የጻፍኸውን አይበላም ነበር» አሉ።

በዚህ ንግግራቸው ውስጥ ትምህርቱ ሁሉ አለ። በጽሕፈት መኪና ላይ መጻፍና ማስቀመጥ አንድ ሥራ ነው፤ ብረቱ ቀለም ያለበትን ጥብጣብ ሲመታ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። የምንጽፈው በመጀመሪያ የሚያርፈው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ይህም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት ያለ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሰሌዳው ይጠረጋል። ሴቭ ማድረግ ማለት ከሰሌዳው ወደ ደብተር መገልበጥ ነው፤ ደብተሩም ኤሌክትሪክ ባይኖርም ጽሑፉን የሚይዘው ዲስክ ነው። አለቃዬ የተሳሳቱት ስለማያውቁ ሳይሆን ሌላ ነገር አጥብቀው ስለሚያውቁ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስሕተታቸውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ጀመርሁ።

ያን ሌሊት እስከ አምስት ሰዓት ሠራን። እኔ ስሙን ከእጅ ጽሑፉ አነብባለሁ፥ እርሳቸው ይጽፋሉ። በየዐሥሩ ስም «ወደ ደብተር!» እላለሁ፤ እርሳቸውም ሁለቱን ቁልፎች ይነካሉ። ከመቶ በኋላ እኔ ስረሳ እርሳቸው ያስታውሱኝ ጀመር። ዝርዝሩም ማለዳ ከመኪናው ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ማውሱን ላልነካ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ በቃል ብቻ መንገር ጀመርሁ። ይህ ቀላል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን «ያችን ነገር ይንኳት፤ ኧረ ያችኛዋን አይደለም፥ ከላይ ያለችውን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳጣሁ አየሁ። ለካ እጄ እንጂ አንደበቴ አያውቅም ኖሮአል። ማታ ማታ ቤቴ ሆኜ የእያንዳንዱን ምልክት ስምና ሥራ በወረቀት እየጻፍሁ ማጥናት ግድ ሆነብኝ።

የመሥመሩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር። አለቃዬ በእያንዳንዱ መሥመር መጨረሻ የኢንተርን ቁልፍ ይመታሉ። በጽሕፈት መኪና መሥመር ሊያልቅ ሲል ደወል ይጮኻል፥ ጸሓፊውም በግራ እጁ ማንሻውን ገፍቶ ወደ አዲስ መሥመር ይመለሳል። እርሳቸው ዛሬም ያን ደወል በልባቸው ይሰሙታል። ኮምፒዩተር ግን መሥመሩ ሲሞላ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለእርሱ ኢንተር ማለት «አንቀጹ ተፈጸመ» ማለት ነው። ስለዚህ በመካከል አንድ ቃል በጨመሩ ቍጥር መሥመሩ ይሰባበርና ደብዳቤው የተናደ ካብ ይመስላል። አርእስቱንም ወደ መካከል የሚያመጡት የክፍት ቦታውን ቁልፍ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በመምታት ነበር። አርእስቱን ወደ መካከል የምታመጣውን ምልክት ባሳየኋቸው ጊዜ በጣም ደስ አላቸው፤ ኢንተሩን ግን ለመተው አልፈቀዱም።

ከሁሉ የከበደን በፍላሽ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ስንከፍተው አማርኛ መሆኑ ቀርቶ የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት የተደባለቀበት ሆነ። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አሉ። እኔ በድፍረት ቫይረስ ነው አልሁ። አልነበረም። ቅዳሜ ደሴ ወርጄ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጠይቄ ነው የተረዳሁት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው። በቀድሞ ጊዜ ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለሌላ ሥራ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላው፥ ቍጥሩና ነጥቡ ሲጨመርበት አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ ፎንት የሠሩ ሁሉ እያንዳንዳቸው በመሰላቸው መንገድ ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ አደላደሉት። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ ቍጥሩ ያው ሆኖ መልኩ ወደ ላቲን ይመለሳል።

ይህን ተጨንቄ ሳስረዳ አለቃዬ አቋረጡኝና ወደ አሮጌው መኪና እያመለከቱ «የዚያን መኪና የብረት ፊደል ነቅለህ ሌላ ብትተክልበት፥ ጣቴ ያንኑ ቁልፍ ቢመታ የሚወጣው ሌላ ፊደል ነው፤ እንዲህ ነው ማለት ነው?» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከጠጋኙም አልሰማሁም።

የቦታ ማነስ በእርሳቸውም ዘመን የነበረ ችግር ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፉ ከአርባ ጥቂት ቢበልጥ ነው፥ እያንዳንዱም ሁለት ምልክት ቢይዝ ዘጠና ያህል ይሆናል። ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ለማብቃት ከደከሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መኪናው ሁሉን ፊደል ሊይዝ ስለማይችል ጸሓፊው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ይመታ ነበር። ስለዚህ በኮምፒዩተር «ኩ» ለማለት የክን ቁልፍ ከዚያም የኡን ቁልፍ መንካት እንደሚገባ ስነግራቸው አለቃዬ አልተደናገሩም፤ «ይህማ የእኛው ነው» አሉና በሳምንት ውስጥ በፍጥነት በለጡኝ።

የፎንቱ መደባለቅ መፍትሔ ያገኘው ዩኒኮድ በሚባለው ስምምነት ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቍጥር ይሰጣል፤ የእኛም ፊደል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ገባ። በዚያው አቈጣጠር በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶስ ቪስታም ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ መጣ። በዚህ ስምምነት ሀ 4608፥ ለ 4616፥ ሐ 4624፥ መ 4632 ናቸው፤ ለየቤቱ ስምንት ቦታ ተሰጥቶአል፥ ሰባቱ ለሰባቱ ወገን፥ ስምንተኛው እንደ ሏ ላለው ዲቃላ። ኩታበር ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው 4777፥ 4723፥ 4704፥ 4653 ነው። አለቃዬ ይህን በወረቀት ጽፈው «ረ 4648 ከሆነ ር አምስት መጨመር ነው» እያሉ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ስም ሁሉ በቍጥር ሲጽፉ አንድ ከሰዓት በኋላ አለፈ። (ወላጆች በስልክ አጭር መልእክት ሲልኩ፥ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንዱ መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ የሚይዘውም ፊደላችን በእነዚህ ትልልቅ ቍጥሮች ስለሚላክ ነው።)

በአንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም ነበር። አለቃዬ የጻፉትን ሁሉ በፕሪንተር አውጥተው በፋይል ያስቀምጣሉ። እኔ የወረቀት ብክነት ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ በፍላሽ መያዝ ይበቃልና። እርሳቸውም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባገኘ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተራቸውንም ሰነዳቸውንም እንዳጡ አስታወሱኝ። «የጠፋው በአንድ ቤት የነበረው ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የስም ዝርዝሩን በኮምፒዩተሩ፥ በፍላሽና በወረቀት በሦስት ቦታ አደረግነው፤ ፍላሹ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያድር ነበር።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ በኅዳር ስልክ ደወልሁላቸው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ፊደሉ የተበላሸ ደብዳቤ እንደ መጣላቸውና ለላኪዎቹ «ፎንታችሁ እኛ ዘንድ የለም፤ በዩኒኮድ ጽፋችሁ ላኩልን» ብለው እንደ መለሱላቸው ነገሩኝ። «ኢንተሩንስ ተዉት ወይ፥ ጋሼ?» አልኋቸው።

«እርሱን ተወኝ» አሉኝ።