አንቲባዮቲክ፦ ለዛሬ ሕመምተኛም ለነገ ልጆችም

ሐኪሙ ልጅዎን መርምሮ «አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም» ቢልዎት ሕክምና ተከለከሉ ማለት አይደለም። «የውጭ አገር ሰዎች ስለሆንን ነው» የሚል ቅሬታ እዚህ ፋርስታ ከወገኖቻችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አገር ቤት ነርስነት ስለተማርኩ ቅሬታው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ እዚያ አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት የተለመደ ነው። ስዊድን ውስጥ ግን ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ ደንቡም እዚህ ለተወለደውም ከውጭ ለመጣውም አንድ ነው።

አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ ስለሚመጡ አያድናቸውም። መድኃኒቱን በወሰድን ቁጥር ግን በሰውነታችን ካሉት ባክቴሪያዎች ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ ወደ ሌላ ሰውም ይተላለፋሉ። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የእርስዎ ሰውነት አይደለም። ስለዚህ ጉዳቱ መድኃኒቱን ቀምሶ በማያውቅ ሕፃን ላይ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ስዊድን ፔኒሲሊን በሚገባ የማይገድላቸው ባክቴሪያዎች በሕፃናት ዘንድ መስፋፋት ጀምረው ነበር። በ1995 ስትራማ የተባለ የባለሙያዎች ኅብረት ተቋቋመ፤ ሐኪሞችም አንቲባዮቲክ ማዘዝን ቀነሱ። ዛሬም እዚህ አገር ለሳንባ ምች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ያው የድሮው ተራ ፔኒሲሊን ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ሳንመጣ ሌሎች ወላጆች ጥቂት ሌሊቶች ታግሠው ያቆዩትን መድኃኒት ነው ልጆቻችን የሚጠቀሙት። ከእኛ በኋላ የሚወለዱትም ሊያገኙት ይገባል።

ለነገ ተብሎ ግን ዛሬ የታመመ ሰው አይጎዳም። የደም መመረዝ ወይም የኩላሊት ኢንፌክሽን ሲኖር አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። የካንሰር ሕክምናና ብዙ ቀዶ ሕክምናዎችም ያለ እሱ በጣም አደገኛ ይሆናሉ። የሚቆጠበው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሲታዘዝልዎት በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ቀን ያህል ይውሰዱ።

የተረፈውን ለጎረቤት አይስጡ፣ አገር ቤት ላለ ዘመድም አይላኩ፤ ደግነት ቢመስልም የሌላውን ሰው በሽታ የሚያውቀው የመረመረው ሐኪም ነው። ወደ አፖቴክ ይመልሱት። ከአዲስ አበባ የመጣ አሞክሳሲሊን ወስደው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለምርመራው ይጠቅማል።

ቮርድሴንትራል ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። እኛ አስተርጓሚዎች የተባለውን ሁሉ፣ ቅሬታዎንም ጭምር እንተረጉማለን፤ ምስጢርም እንጠብቃለን። «ሕመሙ ስንት ቀን ይቆያል? ምን ካየሁ ልመለስ?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ ከጉንፋን በኋላ ሳል ሦስት አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ዕድሜው ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለው ወዲያውኑ ሐኪም ይየው። የጤና ምክር ለማግኘት በማንኛውም ሰዓት 1177 ይደውሉ። ልጁ መተንፈስ በጣም ካቃተው ወይም አልነቃ ካለ 112 ይደውሉ።