ተረታችንን በመጽሐፍ ያደረሱልን ሰው

ከመካከላችን ማሞ ቂሎን የማያውቅ ማን አለ? ሁላችንም ከአያቶቻችን አንደበት ሰምተን ስቀንበታል። በሥዕል አስጊጠው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ ያደረጉት ግን አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው።

አቶ ዮሐንስ የነገሌ ቦረና ተወላጅ ናቸው። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲኖራቸው የአማርኛ ግን አጡ። ያ ቁጭት ብዕር አስጨበጣቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ለልጆች አደረሱ።

እኛስ የአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች? ታናናሾቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር በእጃቸው ምን አለ? ከየቤታችን አረጋውያን አንዳንድ ተረት ሰምተን እንጻፍ፤ ሥዕል የሚችል ይሣልበት፤ ለልጆቹም እናንብብላቸው። ዛሬ ያልተጻፈ ተረት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።