የመብራት ዲመርንና የቬንቲሌተር ማብሪያን በአንድ ሽፋን ስለ ማጣመር

በኮረብታ ላይ ባለችው ኦቾሎም ሆነ በሞቃቷ አርባ ምንጭ፥ ዲመርና የቬንቲሌተር ማብሪያ በአንድ የግድግዳ ሽፋን ተጣምረው የሚገኙበት ዕቃ ቦታን ስለሚቆጥብ በገዢ ዘንድ ሊወደድ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ ይለያያሉ።

ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆረጠ ብርሃንን ያደበዝዛል። ይህ ለአምፖል ይስማማል፤ የቬንቲሌተር ሞተር ግን በተቆረጠ ሞገድ ሲሠራ ያጉረመርማል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለቬንቲሌተር ተራ ማብሪያ ወይም በካፓሲተር የሚሠራ ባለ ደረጃ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይገባዋል።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ዕቃው ለኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ የተሠራ ይሁን፤ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራው አይሆንም። ሁለተኛ፥ ዲመሩ ለኤል ኢ ዲ የሚሆን፥ አምፖሉም መደብዘዝ የሚችል መሆኑ ተጽፎበት ይገኝ። ሦስተኛ፥ ዲመር ሙቀት ስለሚያወጣ፥ ከሌላ ማብሪያ ጎን ሲተከል የሚሸከመው ዋት ምን ያህል እንደሚቀንስ ከፋብሪካው መግለጫ ይታይ።

ባለሱቁም ሁለቱ መሣሪያዎች ከአንድ ፌዝ እንዲያያዙ ለገዢው ያስታውስ፤ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት ይገኛልና። ሥራውም ኃይል ተቋርጦ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈጸም።

ሞተር የተቃጠለበት ደንበኛ ተመልሶ የሚከሰው ሩቅ ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን የሸጠለትን ሱቅ ነው። ስለሆነም «የሚያያዘው አምፖል ነው ወይስ ሞተር?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ገንዘብንም ስምንም ያድናል።